የእንጨት ሻጭ ቤት ጭስ

«እንጨት ሻጭ አግብቼ በጭስ ልሙት?» አለ አባቴ፣ በምድር ባቡር ቆቡ ዐይኑን እየጠረገ።

«ደረቁ የደንበኛ ነው!» አለች እናቴ ከማድ ቤት። እሷም እንባዋ እየወረደ ነበር። አትደንግጡ፣ ማናቸውም አላዘኑም። እርጥብ ባሕር ዛፍ ነው እንዲህ የሚያደርገው።

ይህ ጠብ ቤታችን ውስጥ ምድጃው በተለኮሰ ቁጥር ይነሣል። እናቴ አቃቂ፣ ከሐዲዱ ዳር፣ ፍልጥ ትሸጣለች። ደንበኛ ስትመክር ብትሰሟት ልጇን የምትድር ነው የሚመስላችሁ። «ሁለቱን ፍልጥ አጋጪያቸው። ደረቅ ከሆነ ቋ ይላል፤ እርጥቡ ዱብ ብሎ ዝም ነው። ጫፉ መሰንጠቁንም እዪ። ልጡ በጥፍር ሲነካ ካልተላቀቀ ተዪው። ባሕር ዛፍ ቶሎ ይነድልሻል፤ ፍም ከፈለግሽ ግን ግራር ጨምሪበት።» እናንተም ያዙት፤ ምክሩ በነፃ ነው። ታዲያ እንዲህ ተለይቶ ተለይቶ፣ ዱብ የሚለው ሁሉ የት ይሄዳል? ወደ እኛ ምድጃ። እኛ ቤት ላደገ ሰው፣ ጭስ ጭስ የማይል ሽሮ ሽሮ አይመስለውም።

ያን ቀን ጠቡ ሳይበርድ እትዬ አስካለ ከነተሸካሚዎቻቸው ከተፍ አሉ። ልጃቸውን ሊድሩ ነው፤ የድግሱን እንጨት በሙሉ ከአንድ ሰው ይገዛሉ ተብሏል። እናቴ ይህን ከሰማች ወዲህ ደረቁን ፍልጥ በሸራ ሸፍና፣ ሌላ ገዢ እየመለሰች እሳቸውን ስትጠብቅ ነው የከረመችው። ክረምቱ ደግሞ ደጃፍ ላይ ነው። እትዬ አስካለ ካልወሰዱት፣ ያ ሁሉ ፍልጥ ዱብ ባይ ሆኖ መቅረቱ ነው።

ሸራውን ገለጠችላቸው። እያጋጨች አስደመጠቻቸው፤ ቋ! ቋ! እሳቸው ግን ዐይናቸው ሌላ ቦታ ነበር። ከማድ ቤታችን ጣሪያ የሚግተለተለውን ጭስ ያያሉ።

«የራስሽ ቤት እንዲህ እየጨሰ፣ ለእኔ ምን ልትሸጪልኝ ነው?»

«እትዬ፣ ያ እኮ መጥፎው ነው። ጥሩውን ለእርስዎ ብዬ…»

«ኧረ ተይ! መጥፎውን ራሱ ማግዶ ጥሩውን የሚሸጥ ነጋዴ የት አይተሽ ታውቂያለሽ?»

እውነታቸውን ነው። እኔም ከእናቴ ሌላ አላየሁም።

ከሐዲዱ ማዶ ወዳለው የጋሽ ታፈሰ ግቢ በአገጫቸው ጠቆሙ። ጋሽ ታፈሰም እንጨት ሻጭ ናቸው፤ ማድ ቤታቸው ላይ ግን የጭስ ዘር የለም። «እንጨት ማለት እንደዚያ ነው» ብለው፣ ተሸካሚዎቻቸውን አስከትለው ወደዚያው አመሩ። እናቴ የሸራውን ጫፍ እንደያዘች ቀረች።

ደግነቱ የጭነት ባቡር መጣ። አቃቂ ውስጥ የማይቸኩል ነገር ቢኖር የጭነት ባቡር ነው። እትዬ አስካለ የግዳቸውን ቆሙ። እኔ እንግዳ ሲመጣ በር ኋላ የምገባ ልጅ ነኝ። በምን እግሬ እንደሄድኩ እንጃ፣ ብቻ አጠገባቸው ቆሜ ነጠላቸውን ስጎትት ራሴን አገኘሁት።

«እትዬ! ጋሽ ታፈሰ ቤት እኮ የሚበስለው በቡታጋዝ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ባቡሩ ስለሚንጓጓ ነው እንጂ እኔ ድምፄን መቼ ከፍ አድርጌ አውቃለሁ?

አዩኝ። በፉርጎዎቹ መሐል ብልጭ ጥፍት የሚለውን የጋሽ ታፈሰን ጣሪያ አዩ። ከዚያ ዞረው ቀጥታ ወደ ማድ ቤታችን ገቡ። እርጥቡን ጉማጅ ጎትተው ደጅ ጣሉት፤ ከሸራው ሥር ያነሡትን ፍልጥ ማገዱ። እሳቱ ተንጣጣ፣ ጭሱ ሳሳ፣ ጠፋ። ምድጃው አጠገብ የእናቴን ፊት እንዲህ አጥርቼ ያየሁት ያን ቀን ነው።

«ጫኑ!» አሉ እትዬ አስካለ። «አንድም እንዳይቀር!»

እናቴ በደስታ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። አባቴ ደግሞ ዱካ ስቦ እሳቱ ፊት ተደላደለ፤ ዐይኑ ደርቋል፣ ፊቱ በርቷል። «አየሽ? የሰው ቤት ማለት ይህ ነው። ከዛሬ ወዲያ እንዲህ ነው!» አለ።

እናቴ ምድጃውን አየች። ያቺ የማገዷት ፍልጥ ወደ ፍም እየወረደች ነበር። ግቢውን አየች፤ ሸራው መሬት ላይ ተኝቷል፣ ከሥሩ ስንጥር እንኳ የለም። ደጅ የተጣለውን እርጥብ ጉማጅ አነሣች፣ አፈሩን አራገፈች፣ ምድጃው ውስጥ መልሳ እፍ አለችበት።

አባቴ ቆቡን አጠለቀ። ጭሱን ለእኛ ትቶ ወደ ጣቢያው ሄደ።