ጋሽ በዛብህ ከወይራ አምባ እንዳይወጡ የተወሰነበት ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ እሑድ ጥቅምት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቦታ፦ ኮልፌ፣ የሰብሳቢው ሳሎን
የተገኙ፦ አቶ ሚሊዮን (ሰብሳቢ፣ የመኪና ዕቃ ነጋዴ)፣ ወ/ሮ ጽጌማርያም (ገንዘብ ያዥ፣ የልባሽ ጨርቅ ነጋዴ)፣ አቶ ረሻድ (አባል፣ ስልክ ጠጋኝ)፣ ግሩም (ጸሐፊ፣ የታክሲ ሹፌር)። ሁላችንም የወይራ አምባ ሸማኔ ልጆች ነን፤ የሚሸምን ግን በመካከላችን የለም።
ምልዓተ ጉባኤ፦ ከማኅበራችን አርባ አባላት አራት ተገኝተናል። ሰብሳቢው «የቀረ ተስማምቷል ማለት ነው» ስላሉ ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ የአባቶቻችንን ሽመና ከመጥፋት ስለማዳን

ሰብሳቢው የትውልድ መንደራችን የወይራ አምባ የመጨረሻ ሸማኔ ጋሽ በዛብህ ወደ አዲስ አበባ ለመምጣት ማሰባቸውን ሰምተው በብርቱ ማዘናቸውን ገለጹ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲሉም ተረቱ። አቶ ረሻድ ድሩ ተጠራርጎ ኮልፌ መግባቱን አስታወሱ። ከአጀንዳ ወጥተዋል ተብለው ተገሠጹ።

ወ/ሮ ጽጌማርያም ጋሽ በዛብህ ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን መቅረታቸውን አስረዱ። ሰብሳቢው ለቅርስ ሲባል ብቸኝነትን መቻል እንደሚገባ መለሱ። የለበሱት ጋቢ የፋብሪካ መሆኑ ሲነገራቸው አጣጥፈው ተቀመጡበት።

ከረጅም ውይይት በኋላ ጋሽ በዛብህ ካሉበት ንቅንቅ እንዳይሉ፣ «ሕያው ቅርስ» የሚል ሰርተፊኬትም እንዲላክላቸው በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ሙያውን ከእርሳቸው የሚማር ሰው ስለመላክ

ፈቃደኛ ተጠየቀ። አቶ ረሻድን ወገባቸውን አመማቸው። ወ/ሮ ጽጌማርያም ሽመና የወንድ ሥራ ነው ብለው ወንዶቹን አዩ። ጸሐፊው እየጻፈ ስለነበር ቀና አላለም። ሰብሳቢው ይሂዱ የሚል ሐሳብ ሲቀርብ ባለቤታቸው ወ/ሮ ሆሳዕና ከጓዳ ሆነው «እሱ እንኳን ሊሸምን ቁልፍ መትከል አይችልም» አሉ። አባል ስላልሆኑ ንግግራቸው እንዳይመዘገብ ተወሰነ።

አጀንዳ 3፦ ድንገት የተያዘ

የሰብሳቢው ስልክ ጠራ። ጋሽ በዛብህ ነበሩ፤ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁ ከፍ ተደረገ።

«ልጆች፣ አየር ጤና ደርሻለሁ። ረዳቱ ሁሉ ይጮኻል፣ የትኛው ወደናንተ እንደሚመጣ ጠፋኝ።»

ሰብሳቢው ውሳኔውን አነበቡላቸው።

«ሚሊዮን፣ ከአባትህ ጎን እግሬን ጉድጓድ ሰድጄ ስንት ዘመን ሸመንኩ። ቀኑን ሙሉ ስንጨቃጨቅ ነበር የምንውለው። አሁን የሚጨቀጭቀኝ እንኳን አጣሁ። ሥራው አልከበደኝም ልጄ፣ ብቻዬን መዋሉ ነው የከበደኝ። መወርወሪያዬን ይዤ መጥቻለሁ፤ ጉድጓድ ብቻ ፈልጉልኝ።»

ሰብሳቢው ጉንፋን እንደያዛቸው ተናገሩ። ማንም አላመናቸውም፤ እኛም አፍንጫችንን እየጠረግን ነበር።

በመሆኑም ከላይ የተወሰነው ሁሉ ተሽሮ፣ ጸሐፊው አሁኑኑ ሄዶ ጋሽ በዛብህን እንዲያመጣ፣ በሰብሳቢው ግቢ መኪና በሚቆምበት ቦታ ለሽመና ጉድጓድ እንዲቆፈር ተወሰነ። ወ/ሮ ሆሳዕና ጉድጓዱ ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ ነው ወይ ብለው ጠየቁ።

ሰብሳቢው «ሁለት ይቆፈር፣ አንዱ የኔ ነው» አሉ። ድምፅ አልተሰጠበትም።

ስብሰባው ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ተበተነ።