ሌባን ያስጠነቀቀው ከበሮ

የሶዶ ከተማ ከተቆረቆረች ጀምሮ ያላየችው መከራ የለም። አንበጣ ወርዶባታል፤ ተስቦ ገብቶባታል፤ ከብት በየሜዳው እስኪረግፍ በሽታ መትቷታል። አገልግሎት ግን እስከ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ አምስት ዓመተ ምሕረት ድረስ ደርሶባት አያውቅም ነበር። እሱንም የከተማው ዘበኞች አለቃ ባላምባራስ ዓምደሚካኤል፣ አዲስ አበባ ጥቂት ሰንብተው ሲመለሱ፣ ከአንድ ፊሽካ ጋር ይዘውላት መጡ።

ባላምባራስ በገበያው መካከል ወንበር ላይ ወጥተው እንዲህ ሲሉ ተናገሩ፦ «እስከ ዛሬ ዘበኛ ሲመጣ ሕዝብ ይሸሻል። ይህ የድንቁርና ልማድ ነው። ከእንግዲህ ዘበኛ የሕዝብ አገልጋይ ነው። ቤቱን ትቶ ወደ ሌላ አገር የሚሄድ ሁሉ ለጽሕፈት ቤታችን ያስታውቅ፤ ቤቱ በነጻ ይጠበቅለታል። አላስጠብቅም ያለ ይገረፋል!»

ሕዝቡ እጅ ነሣ። እንዲህ ያለ ቸርነት ሲመጣ ፈጥኖ እጅ መንሣት እንደሚበጅ ከኖረበት ያውቀዋል።

ቸርነቱ መጀመሪያ የደረሳት ቦሼ ነበረች። ቦሼ ባሏ የሞተባት፣ በከተማው ዳር ጎጆዋን በእንሰት ከብባ የምትኖር ሴት ናት። ሀብቷ ቡላ የምትባል አንዲት የምትታለብ ላም ብቻ ናት። ሁምቦ የተዳረችው ልጇ መውለጃዋ ደርሷል፤ እናት ወርዳ ካላረሰቻት፣ ከእንሰት የሚሠራ ቅቤ የጠገበ ሙቹዋ ካላጎረሰቻት ደግሞ አራስ ወጉ አይደርሳትም። ድሮ ቢሆን ላሟን ለጎረቤቷ ለሽማግሌው ለሻንቆ አደራ ብላ መንገዷን ትቀጥል ነበር። አሁን ግን ጅራፉን ፈርታ ቤቷን ለማስጠበቅ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄደች።

«ቤትሽ ውስጥ ምን አለ?» አሏት ባላምባራስ።

«ላም አለ ጌታዬ» አለች፤ አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም።

«የት ነው የምትታሰረው?»

«ከበሩ በግራ።»

«የላሚቱ ስም ማን ይባላል?»

«ቡላ ነው። ግን ጌታዬ፣ እኔ ሻንቆ ቤት ባስቀምጠው...»

«ሻንቆ ፊሽካ አለው?»

«የለውም።»

«እንግዲያው!» አሉና ነገሩን ዘጉት።

ነጋሪት ያለ አገረ ገዥው ፈቃድ አይጎሰምምና ባላምባራስ ለአገልግሎቱ ብለው የራሳቸውን ከበሮ አሠርተው ነበር። በገበያ ቀን ከበሮው ተመታ። ሰው ሲሰበሰብ ባላምባራስ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ሌባ የሆንህ ሁሉ ስማ!» አሉ። «የቦሼ ቤት ከነገ ጀምሮ ባዶ ነው። ቡላ የምትባል የምትታለብ ላም ከበሩ በግራ ታስራለች። ባለቤቲቱ ሁምቦ ስለምትሰነብት ቶሎ አትመለስም። ነገር ግን ዘበኛ ጉልላት ይጠብቃታልና ዝር እንዳትል!»

ቦሼ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። «ጌታዬ! ይኼ ሁሉ ለሌባ ይነገራል?»

«ካልተነገረው እንዴት ይፈራል?» አሉ ባላምባራስ። ከበሮ መቺው ሳይቀር በአሳባቸው ጥልቀት ተደነቀ።

ቦሼ ሁምቦ ወረደች፤ ልጇም ወንድ ልጅ ተገላገለች። ነገር ግን ብዙ ደም ፈስሷት ስለ ነበር አቅም አጣች፤ ከመኝታዋ ቀና ማለት እንኳ ተሳናት። ወተትና ቅቤ በብዛት ካላገኘች እንደማትነሣ አዋላጆቹ ቁርጡን ለቦሼ ነገሯት። ቦሼ የያዘችው ቅቤ ሲያልቅባት ላሟን ራሷን ነድታ ልታመጣ ወደ ሶዶ ተመለሰች።

ስትደርስ ዘበኛ ጉልላት ጠመንጃውን አንግቶ በሩ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። በጥበቃው እንከን የሚወጣለት ሰው አይደለም። ከበሩ በግራ ግን የላሚቱ እበት እንጂ ላሚቱ የለችም።

«ላሜ የት አለ?»

«ባለቤቷ ወሰዳት።»

«ባለቤቱ እኔ ነው!»

«እኔም መጀመሪያ ተጠራጥሬ ነበር» አለ ጉልላት ቅር ብሎት። «ሰውዬው ግን ከበሩ በግራ እንደምትታሰር ያውቃል። ቡላ ብሎ በስሟ ጠራት። ሁምቦ መሰንበትሽንም እሱ ነው የነገረኝ። እንዲህ ያለውን የቅርብ ዘመድ ምን ብዬ ልከልክለው? እንዲያውም ከበሩ አልወጣም ብላ ስታስቸግረው ከኋላ የገፋሁለት እኔ ነኝ።»

ቦሼ እዚያው መሬት ላይ ዘፍ ብላ አለቀሰች። ሁምቦ የተኛችው ልጇ ፊቷ ላይ ድቅን አለችባት።

ባላምባራስ ነገሩን ሲሰሙ አላዘኑም፤ ጽሕፈት ቤታቸው ሁለተኛውን አገልግሎት፣ ሌባ ማውጣትን፣ የሚሰጥበት ሰዓት ደርሶ ነበርና። ወዲያው አፈርሳታ ታዘዘ። በአፈርሳታ ሥርዓት የሰፈሩ ሰው ሁሉ በአንድ በረት ይታገዳል፤ ሌባው እስኪታወቅም ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። የሚያውቅ ሰው በሽማግሌ ጆሮ ሹክ ይላል፤ እሱም «ወፍ» ይባላል፤ የወፏን ማንነት መጠየቅ ነውር ነው። ወፍ ካልተናገረች ጎረቤት በሙሉ አዋጥቶ ይከፍላል። ቦሼ ይህን ስታስብ ሌላ ሐዘን ተጨመረባት፤ ከእሷ የተሻለ ኑሮ ያለው ጎረቤት አልነበራትም።

«ይህ ሌባ የቤቱን ምሥጢር ሁሉ ያውቅ ነበር» አሉ ባላምባራስ በበረቱ ፊት እየተንጎራደዱ። «ምሥጢሩን የነገረው ከሌባው የባሰ ወንጀለኛ ነው። ማነው የነገረው?»

በዚያ በረት ውስጥ፣ ከበሮው በተመታ ዕለት ገበያ ያልዋለ ሰው አልነበረም። ሁሉም አቀርቅሮ መሬቱን አየ። ዝናብ ወረደባቸው፤ ፀሐይ አደረቀቻቸው፤ በየቤቱ ልጆች በረሃብ አለቀሱ፤ ላሞች ሳይታለቡ ዋሉ። በማግሥቱ ሻንቆ በትሩን ተደግፎ ወደ ባላምባራስ ቀረበ።

«ጌታዬ፣ ወፍ ተናገረች።»

«ማነው አለች?»

ሻንቆ ባላምባራስን አየ፤ ጅራፋቸውን አየ። «ከበሮው ነው አለች።»

ባላምባራስ በመጀመሪያ ፊታቸው ጠቆረ። ቀጥሎ ነገሩን ሲያሰላስሉት ፊታቸው በራ፤ በደለኛው ተገኝቷል፣ በደለኛውም ሰው አይደለም።

«ፍርድ አያዳላም!» አሉ በረቱን እያስከፈቱ። «የገዛ ጽሕፈት ቤቴ ንብረት ቢሆንም ሌላውን እንደምቀጣ እቀጣዋለሁ። ከበሮው በገበያ መካከል ይገረፍ!»

«ላሜስ ጌታዬ?» አለች ቦሼ።

«ሴትዮ፣ ፍርድ አግኝተሽ ላም ደግሞ ትጠይቂያለሽ?»

ከበሮው ተገረፈ። ከበሮ ሲገረፍ ግን እንደ ሰው አይደለም፤ አገር ይሰማዋል። የሶዶ ሰው አዋጅ መስሎት ከያለበት ጎረፈ። ወደ አረካ ጭነት ያስነሡ ነጋዴዎች ሳይቀሩ አህዮቻቸውን መልሰው መጡ። ገበያው ጢም አለ። «አዋጁ ምንድን ነው?» የሚል ድምፅ ከየአቅጣጫው ተነሣ። ባላምባራስ አዋጅ የለም እንዳይሉ ከበሮ ያስመቱት እሳቸው ናቸው፤ ከበሮ እየቀጣሁ ነው ብለው ለዚያ ሁሉ ሕዝብ መናገሩ ደግሞ በጆሯቸው ሲሰሙት እንደ ፍርድ አልጣማቸውም።

ቦሼ መቸገራቸውን አየችና ወንበሩ ላይ ወጣች። በአደባባይ ተናግራ አታውቅም፤ የባላምባራስን ላም ግን ከነስሟና ከነማሰሪያዋ እንደ ሶዶ ሰው ሁሉ ታውቃለች። መጀመሪያ በወላይትኛ፣ ቀጥሎ ዘበኞቹም እንዲሰሙ በአማርኛ ጮኸች፦

«አዋጁ እኔ ጋ ነው! የባላምባራስ ቤት አሁን ባዶ ነው፤ ሰዉ ሁሉ እዚህ ነው። ወርቄ የሚባል ላም ከማድቤቱ ጀርባ ታስሯል። ስሙን የጠራውን ሰው ዝም ብሎ ይከተላል። ዘበኛ ጉልላት ይጠብቀዋል፤ እምቢ ካለ ከኋላ ይገፋል!»

ሕዝቡ ሳቁን ሊይዝ ፈልጎ አልቻለም። ባላምባራስ ግን አልሳቁም፤ ካባቸውን ሰብስበው ወደ ቤታቸው ሮጡ። ክብራቸውን የሚያውቅ ሁሉ እንደዚያ ይሮጣሉ ብሎ አስቦ አያውቅም ነበር።

ከቀትር በኋላ ባላምባራስ ዓምደሚካኤል የገዛ ላማቸውን ራሳቸው በገመድ እየሳቡ፣ በእንሰቱ መካከል አጎንብሰው፣ ቦሼ ጎጆ ደረሱ።

«እመቤት ቦሼ» አሉ ቀስ ብለው፤ እንዲህ ብለው ጠርተዋት አያውቁም። «ያንቺ ቤት ላም እንደሌለበት አገር ያውቃል። ማንም መጥቶ አይፈልጋትም። ነገሩ እስኪበርድ ወርቄን ያዢልኝ።»

«ወተቱስ ጌታዬ?»

«ላንቺ ይሁን።»

«ልጄ ሁምቦ ተኝቷል። ላሙን ይዤ እወርዳለሁ፤ እስኪነሣ ድረስ እዚያ ይታለባል።»

«ይዘሽ ውረጂ፤ እንዲያውም ሩቅ መሆኑ ይሻላል።»

ቦሼ ገመዱን ተቀበለች። «መንገድ ላይ የሚጠብቀን ዘበኛ ይሰጡኛል ጌታዬ?»

ባላምባራስ ግራና ቀኝ ተገላመጡ። «ኧረ በማርያም ዝም በይ» አሉ በሹክሹክታ፣ «ዘበኛ እንዳይሰማን!»