ቦርጫሙ ስክሪንና እትዬ ሰዓዳ

ከድህነት አንድ ደግ ነገር ይወጣል ቢባል ምርጫ አለማብዛቱ ነው። አንድ ጫማ ያለው ሰው ጠዋት ተነሥቶ «የቱን ላድርግ?» ብሎ አይጨነቅም። ጣጣው የሚጀምረው ሁለተኛው ሲጨመር ነው። ሁለት ነገር ፊታችሁ ከተቀመጠ አንዱን መምረጥ አለባችሁ፤ ከመረጣችሁ በኋላ ለምን እንደ መረጣችሁ ማስረዳት አለባችሁ፤ አስረድታችሁ ስትጨርሱ ደግሞ ያልመረጣችሁት ይሻል እንደ ነበር ከማያገባው ሰው ትሰማላችሁ። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የመንግሥት ሠራተኛ ስሆን አሥራ አንዱን የግዢ ኮሚቴ ጸሐፊ ሆኜ ነው ያሳለፍሁት።

የኮሚቴ ጸሐፊነትን የማታውቁ ካላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ሰብሳቢው ይናገራል፣ አባሉ ይስማማል፣ ጸሐፊው ይጽፋል። ነገሩ የተበላሸ ዕለት የተናገረው ረስቷል፣ የተስማማው አልሰማም፣ የጻፈው ግን የእጅ ጽሑፉ አለ። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው ይባል የለ? እሾሁ ለእኔ ነበር። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እስከ ዛሬ «ኮሚቴ» የሚለውን ቃል ስሰማ ወገቤን ያመኛል።

ሚሊኒየሙን ባከበርንበት ዓመት፣ ሰኔ ላይ ነው። መሥሪያ ቤታችን ጎንደር ውስጥ፣ ከፒያሳ ትንሽ ወረድ ብሎ ነበር። ሰኔ ማለት እንግዲህ በጀት የሚዘጋበት ወር ነው፤ እስከ ሠላሳ ካልተጠቀማችሁበት ይመለሳል፣ በጀት የመለሰ መሥሪያ ቤት ደግሞ ሥራ የፈታ ይባላል። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ እስክርቢቶ የከለከለን ኃላፊ ሰኔ ሲገባ እጁ ይፈታል። በዚያ ሰኔ የመጣልን ትእዛዝ ግን ከወትሮው የከበደ ነበር። ኃላፊው አስጠራንና፣ «የጸሐፊዋ ነገር መላ ይፈለግለት። ወይ ስክሪኑ ይቀየር፣ ወይ ጸሐፊዋ» አለን።

ጸሐፊዋ እትዬ ሰዓዳ ናት። ከጥንት የጎንደር እስላም ነጋዴዎች ቤት የተወለደች፣ ወንድሞቿ ሁሉ ጨርቅ ሲሸጡ እርሷ ብቻ በደርግ ጊዜ የጽሕፈት ማኪና ተምራ መንግሥት ቤት የገባች ሴት። በዐሥር ጣቷ ስትጽፍ ቁልፎቹን አታይም፤ ከእኛ መካከል በሁለት ጣት እየለቀመ የሚጽፈው ሁሉ በቅናት ይቆማል። እንዲህ ያለች ሴት ግን ሦስት ዓመት ያህል ሆኗት ነበር ስሕተት ከጀመራት። ዳባት የሚሄደው ደብዳቤ ደባርቅ ይደርሳል። ዐሥራ አምስት ቀን ፈቃድ የጠየቀ ሰው ኀምሳ አንድ ቀን ተፈቅዶለት አረፈው፤ ሲጠየቅም «የተጻፈልኝን ነው የወሰድሁት» አለ። አንዳንዴ ደግሞ ከረቂቁ አንድ መስመር ሙሉ ይቀርና ደብዳቤው ከሰላምታ ወደ ማስጠንቀቂያ ይዘልላል።

«ስክሪኑ ነው» ትላለች እትዬ ሰዓዳ። «ይርገበገባል።»

ደግሞም ይርገበገባል። መሥሪያ ቤታችን ኮምፒውተር የሚባለውን ያወቀ ጊዜ የመጣ፣ ቦርጩን በጀርባው የተሸከመ፣ ጠረጴዛውን ግማሹን የሚወስድ ስክሪን ነው። እርሷ ዳንቴል ሠርታ አልብሳዋለች፤ በዳንቴሉ ላይ ማኅተሙ፣ የማኅተሙ ቀለም፣ መነጽሯና የመርፌ ቁልፍ መያዣዋ ይቀመጣሉ። ማንኛችንም ከፊቱ ትንሽ ብንቆይ ዓይናችን ያለቅሳል። ስለዚህ ጥፋተኛው ማን እንደ ሆነ የተጠራጠረ አልነበረም። የሚያስፈራው ሌላ ነው፤ በዚያ ሰሞን የመሥሪያ ቤት ለውጥ የሚባል ነገር መጥቶ ሠራተኛው እንደ አዲስ ይመደብ ነበር፣ «አይመጥንም» የተባለ ውጭ ይቀራል። እትዬ ሰዓዳ ለጡረታ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ቀርቷታል። ባሏ ሞቷል፣ የእህቷን ሁለት የሙት ልጆች ታሳድጋለች። ያቺ ወንበር ብትሄድ ቤቱ በምን እንደሚቆም አላህ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው። ሰብሳቢው አያ መኳንንት ይባላል፤ የዳባት ገጠር ሰው፣ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ፣ ዕድሜውን በሙሉ በወንበርና በጠረጴዛ ጀርባ ላይ የንብረት ቁጥር በነጭ ቀለም ሲጽፍ የኖረ። ሦስተኛው ከሂሳብ ክፍል የተወከለ ዝምተኛ ነው፤ «እኔም እንደ እነርሱ» ከማለት በቀር ቃል ሲወጣው አልሰማሁም።

ፒያሳ የምናውቀው ነጋዴ ሱቅ ገባን። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጠልን፤ በዚህ ቦርጫሙ፣ በዚያ አዲስ የመጣው ስስ፣ ሁለቱም በርተው። ነጋዴው የማይዋሽ ሰው ነው። አሮጌው ዓይነት ቀለሙ ጥሩ ነው፣ ቢጎሽሙት አይሰማውም፣ ግን ይከብዳል፣ መብራት ይበላል፣ ዓይን ያደክማል አለን። ስሱ ዓይን አያደክምም፣ ቦታ አይወስድም፣ ግን ጣት የተጫነው ዕለት ይበላሻል። ከእንግዲህ ምርጫው የእናንተ ነው ብሎ ዞር አለ። ይህን ሲለኝ ነው ድካም የተሰማኝ።

አያ መኳንንት ስሱን በአንድ እጁ አነሣውና ተደናገጠ።

«ምነው እንዲህ ቀለለ? ውስጡን አውጥተው ነው እንዴ የሚሸጡት?»

«አሠራሩ ነው፣ አያ መኳንንት» አልሁት።

ገለባበጠው። «ጀርባስ የለው። ቁጥሩን የት ላይ ልጻፈው ነው? ደሞ ይኼ በጋቢ ሥር ገብቶ የሚወጣ ዕቃ ነው። ያኛውን ሌባም ቢሆን ሰው ሳይጠራ አያነሣው።»

አትሳቁ፤ የንብረት ሰው ነው፣ ከንብረት አንጻር አንድም የተሳሳተው ነገር የለም። እኔ ግን ያን ቀን ልቤ በእትዬ ሰዓዳ ዓይን ላይ ነበር። በኮሚቴ ታሪኬ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገርሁ። የምንገዛው ለግምጃ ቤት አይደለም፣ ለሰው ዓይን ነው፤ አሮጌውን በአሮጌ ብንለውጥ ያው መርገብገብ ነው፤ ሴትዮዋ ደግሞ እንጀራዋ ነው አልሁ። አያ መኳንንት ብዙ ካሰበ በኋላ «ይሁን» አለ። ዝምተኛው እንደ እኛው ሆነ። ስሱን በባጃጅ፣ ጭኔ ላይ አቅፌ አመጣሁት፤ በመንገዱ ሁሉ ደግ ሰው የሆንሁ መሰለኝ።

ኃላፊው ከካርቶኑ ሲወጣ አየውና «ይህማ እኔ ክፍል ይሁን» አለ። «ግዢው ለጸሐፊዋ ነው» ብዬ ተቃወምሁ፤ ግን ድምፄ ዝቅ ብሎ ስለ ነበር ከእኔ ሌላ የሰማው የለም። የገረመኝ የእትዬ ሰዓዳ ነገር ነው። ስነግራት ፊቷ በራ። «አልሐምዱሊላህ፣ እርሱው ይያዘው። እኔ የለመድሁት ይበቃኛል» አለች። ትሕትናዋን አደነቅሁ። እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ የት ይገኛል እያልሁ ለሰው ሁሉ አወራሁላት።

ኃላፊው በስምንተኛው ቀን መለሰው። ምክንያቱን አልተናገረም፤ እኛ ግን ገባን። ድሮ ከራሱ ቦርጫም ስክሪን ኋላ ሲቀመጥ ባለጉዳይ የሚያየው ግንባሩን ብቻ ነበር፤ ባለጉዳዩም ሥራ በዝቶበታል ብሎ ይመለሳል። ስሱ ዝቅ ያለ ነው፣ ሙሉ ፊት ያሳያል። ስምንት ቀን ሙሉ ባለጉዳይ ዓይን ለዓይን እያየው ጉዳዩን ነገረው። ይህን የሚችል ኃላፊ አላየሁም።

ስሱ እትዬ ሰዓዳ ጠረጴዛ ላይ ተተከለ። ደጋግማ እንቢ አለች። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ብላ ተረተችብኝ። እኔም በትዕግሥት ስለ ዕድገት አስተማርኋት፤ አዲስ ነገር መጀመሪያ እንደሚያስፈራ፣ ቆይቶ እንደሚለመድ። ዳንቴሉን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ቦርጫሙ ለሁለት ሰው ሸክም ሆኖ ወደ ግምጃ ቤት ሲወሰድ በሩን ይዛ ቆመች። የአዲሱ ጥራት ግን አይወራ። አይርገበገብም፤ ፊደሉ ከበር ይነበባል። የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ እየመጣ አየው።

በሦስተኛው ቀን ከአንድ ደብዳቤ ሁለት መስመር ቀረ።

ኃላፊው ጠራኝ። «ስክሪኑ እንግዲህ ተቀይሯል። ጥፋቱ የዕቃው ነው ወይስ የሰው? ኮሚቴው አይቶ በጽሑፍ ያቅርብልኝ» አለኝ። ይህ በእኛ ቋንቋ ምን ማለት እንደ ሆነ ማስረዳት አያስፈልግም።

ከምሳ በኋላ ወደ ክፍሏ ሄድሁ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ረቂቁን በሁለት እጇ ይዛ መስኮቱ ላይ ተደግፋ፣ ወረቀቱን አፍንጫዋ ላይ ልትለጥፈው ደርሳለች። ገብቼ ቆምሁ። ዞረችና ወደ እኔ ተመለከተች።

«ማን ነው?» አለችኝ።

በመካከላችን ሁለት እርምጃ እንኳ አልነበረም። ስሜን ስነግራት በሩን ዝጋው ብላ ተቀመጠች።

«አየህ» አለች፣ «እኔ የምጽፈው ከወረቀት ነው። ስክሪን ከወረቀት ላይ እንዴት አድርጎ መስመር ያዘልላል? ሦስት ዓመት ሙሉ አንዳችሁም ይህን አላሰባችሁ። እኔም አስቡልኝ አላልሁም። ያ አሮጌ ጥፋቴን ሲሸከምልኝ ኖረ፤ አንተ ለበጎ ብለህ ወሰድህብኝ።»

«ሐኪም ቤትስ ለምን አልሄድሽም?»

«ፈቃድ ያስፈልጋላ። ፈቃዱ ላይ ምክንያት ይጻፋል። የፈቃድ ደብዳቤ የምትጽፈው ማን ናት? ዓይኔ አያይም ብዬ በገዛ እጄ ጽፌ፣ ማኅተም መትቼ ልስጣቸው?»

አፈርሁ። በዕድሜዬ ብዙ ክፉ ነገር ሠርቼ ይሆናል፣ እንደዚያ ደግነቴ ግን ያሳፈረኝ የለም።

ቀጥ ብዬ ግምጃ ቤት ወረድሁና ለአያ መኳንንት ነገርሁት። ብሩሹን ቀለሙ ውስጥ እንደ ነከረ ሰማኝ።

«ምን ትጠይቀኛለህ እንግዲህ?» አለ። «ጻፍ። አዲሱ አልተስማማም፣ ለዓይን አይሆንም በል። አሮጌው ይመለስ።»

«ሐሰት ነው እኮ፣ አያ መኳንንት።»

«ቀድሞስ ቁጥር መጻፊያ የለውም አላልሁህም? ዕቃው ጉድለት አለበት። እሷ ሸጋ ሴት ናት።»

ዝምተኛው ሲጠየቅ እንደ እኛው ነኝ አለ። እኔም ተቀምጬ፣ ኮሚቴው አዲሱን ስክሪን በጥልቀት መርምሮ ለረጅም ጊዜ ጽሕፈት የማይመች፣ ዓይንን የሚጎዳ ሆኖ እንዳገኘው የሚገልጽ ቃለ ጉባኤ ጻፍሁ። ከጻፍሁት ሁሉ ውሸት የበዛበት እርሱ ነው፤ ስፈርም ግን እጄ ያልከበደኝም በእርሱ ብቻ ነው። ቦርጫሙ ተመለሰ፣ ዳንቴሉን ለበሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እትዬ ሰዓዳ ክፍል እገባለሁ፤ በር ዘግቼ ረቂቁን አነብላታለሁ፣ ጣቶቿ ይጽፋሉ። ስሕተት የሚባል ነገር ጠፋ። ኃላፊው ደብዳቤዎቹን እያየ «አሮጌው ይሻላል ብላችሁ የጻፋችሁት እውነት ኖሯል» አለኝ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ያ ቃለ ጉባኤ ፋይል ገብቶ ዕድሜ አገኘ። ዩኒቨርሲቲው ባለበት በማራኪ ሰፈር የተማሪ ኢንተርኔት ቤት ሳይቀር በስስ ስክሪን ሲሞላ፣ እኛ «በኮሚቴ ተጣርቷል» እየተባለ በቦርጫሙ ቀረን። ሁለት ሌሎች መሥሪያ ቤቶች ቅጂውን አስወስደው እነርሱም ስሱን ሳይገዙ ቀሩ። በእኔ ጽሑፍ ምክንያት ስንት ሰው ዓይኑን እያሸ እንደ ዋለ ሳስበው ይደክመኛል። ከእነዚያ ሰዎች አንዱ ደግሞ እኔው ነኝ።

እትዬ ሰዓዳ ጊዜዋን ጨርሳ፣ ጡረታዋን ሙሉ ይዛ ወጣች። በወሩ ሐኪም ቤት ሄደች። የዓይን ሞራ ነው፣ አሏት፤ በአንድ ጠዋት አነሡላት። ሐኪሙ «ይህን ያህል ዓመት ምን ስትሠሪ ቆየሽ?» ብሎ ቢጠይቃት «ስጽፍ» ብላ መለሰችለት። ይኸው ነው ነገሩ። እኛ ስለ ስክሪን ሦስት ጊዜ ተሰብስበን፣ ስለ ዓይን አስቀድሞ አንድ ጊዜ የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ መድኃኒቱ ደግሞ በባጃጅ የሚደረስበት ቦታ ነበር።

አንድ ቀን ልትጠይቀን መጣች። በሩ ላይ ሆና በስሜ ጠራችኝ፣ ማን ነው ሳትል። ቀረብ አለችና ፊቴን፣ ጠጉሬን፣ እንደገና ፊቴን አየች።

«ምነው አንተ ልጅ» አለችኝ፣ «እንዲህ ሸብተህ ነው እንዴ ሁለት ዓመት ሙሉ ስታነብልኝ የኖርኸው?»

«መብራቱ ነው፣ እትዬ» አልኋት።