ገጽ ስድስትን ደጋግማችሁ አንብቡ

ጎበዝ፣ ዛሬ የደረሰብኝን ብነግራችሁ ውሸታም ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። ውሸታም ነኝ፣ በፒዲኤፍ ተረጋግጧል።

የጎንደር ልጆች የሞባይል ኳስ ጌም የምንጫወትበት ግሩፕ አለን። ያለፈው ውድድር ሻምፒዮን እኔ ነኝ (ቀስ በሉ፣ እመጣበታለሁ)። እናም "እንዴት ማሸነፍ ይቻላል" የሚል ጋይድ ጽፌ ለቀቅሁ። አስራ አንድ ገጽ! ሱቄ ውስጥ የሰው ስልክ እየጠገንኩ፣ በመሀል በራሴ ስልክ እየጻፍኩ ሁለት ወር ለፍቼበታለሁ።

"አንደኛ ነህ"፣ "መጽሐፍ አርገው"፣ ግሩፑ እሳት በእሳት ኢሞጂ ሆነ። ሦስት ቀን ሙሉ ፒያሳ ላይ ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ።

ዛሬ ጠዋት ይርጋ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። ይርጋ የመካነ ብርሃን ከተማ ልጅ ነው፣ ፍጻሜውን ከእኔ ጋር የተጫወተው እሱ ነው።

"ጋይድህ ሸጋ ነው። ገጽ ስድስትን ግን አውጣው። ቶሎ።"

ደሜ ፈላ። ገጽ ስድስት እኮ የፔናሊቲው ምዕራፍ ነው፣ የልፋቴ ቁንጮ። ምነው፣ ተሸናፊ ደግሞ አራሚ ሆነ እንዴ?

ከፍቼ ባየው ምን ነበረበት? አላየሁም። የጻፈልኝን ስክሪንሾት አንስቼ ግሩፑ ላይ ለጠፍኩት። "ቅናት ማለት ይሄ ነው። ሁላችሁም ገጽ ስድስትን ደጋግማችሁ አንብቡና ፍረዱ" ብዬ ፒን አደረግሁት።

ግሩፑ ጸጥ አለ።

እኔ እንግዲህ በእውቀቴ ተደንቀው መስሎኛል።

ሃያ ደቂቃ ቆይቶ አንድ ዲያቆን አባላችን ጻፈ። "ደጋግመን አንብበናል። እግዚአብሔር ይፍታህ።"

ያኔ ከፈትኩት።

ለካ በፍልሰታ ጾም ለንስሐ አባቴ የምናዘዘውን እንዳልረሳ ብዬ እዚያው ጋይዱን የምጽፍበት ፋይል ላይ መዝግቤዋለሁ። ከፔናሊቲው ምክር ሥር እንዲህ ይላል፦

"አንደኛ፣ ረቡዕ ቀን እንቁላል ሳንዱች በልቻለሁ፣ ረስቼ አይደለም። ሁለተኛ፣ አሞኛል ብዬ ከአክስቴ ባል ተዝካር ቀርቼ ጌም ስጫወት ዋልኩ። ሦስተኛ፣ በፍጻሜው ይርጋ ሁለት ለአንድ ሲመራኝ ዳታዬን አጠፋሁ። የተቋረጠው የመካነ ብርሃን ኔትወርክ ነው ብዬ ዋንጫውን በፎርፌ ወሰድኩ።"

ንስሐ አባቴ ጋ እስካሁን አልሄድኩም። መጀመሪያ የሰማው ግሩፑ ነው።

ከዚያ ፍጻሜ ወዲህ ልጁን ሁሉም "ይርጋ ኔትወርክ" ነው የሚለው። እኔም አብሬ ስስቅበት ከረምኩ። እሱ ደግሞ ጉዴን በገዛ ዓይኑ አንብቦ፣ ሰው ሳያይብኝ እንዳወጣው በጎን ነገረኝ። እኔ አደባባይ አወጣሁት።

ያ ሁሉ እሳት የላከ ሰው አንዱም ገጽ ስድስት አልደረሰም። ጋይዴን ከልቡ ያነበበው ይርጋ ብቻ ነበር። ይሄ ነው ያንገበገበኝ።

ፋይሉን ላጠፋ ብሞክር ሰው አውርዶታል። የአክስቴ ልጅም እዚያው ግሩፕ ውስጥ ነው። ይኸው አክስቴ ሦስቴ ደወለች፣ አላነሳሁም።

ግሩፑ ላይ ጻፍኩ። "ይርጋ ወንድሜ፣ ዋንጫው ያንተ ነው። ዳታውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ስምህን አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በለኝ።"

እየጻፈ ነው ይላል። ያቆማል። ደግሞ እየጻፈ ነው ይላል።

"ይቅር ለእግዚአብሔር" አለ። "ገጽ ስድስት ላይ ስህተት አላገኘሁም። የቀሩት አስሩ ግን መታረም አለባቸው። ከገጽ አንድ ልጀምርልህ?"

እምቢ የምልበት ፊት የለኝማ። ይኸው ከምሳ ሰዓት ጀምሮ፣ ግሩፑ እያየ፣ እየታረምኩ ነው። ገጽ ሦስት ደርሰናል፣ እስካሁን አንድም ልክ ነገር አልተገኘም።

ንስሐ አባቴ ቢሆኑ አርባ ስግደት ሰጥተው ያሰናብቱኝ ነበር። ይሄን ልጅ ምን ልበለው?