ሠላሳ ሴንቲ ሜትር የፈጀ ትህትና

ጓዶች፣ አንዲት የፕላስቲክ ማስመሪያ ዛሬ ምን እንዳደረገችኝ ብነግራችሁ አታምኑም! መጀመሪያ ሳቁ፤ ስትጨርሱ አጽናኑኝ።

ትናንት የለጠፍኩትን ስክሪንሾት አይታችኋል አይደል? ስክሪኑ አረንጓዴ ሲሆን ቶሎ የሚነካባት የስልክ ጌም። «ዜሮ ነጥብ ሁለት ሰከንድ! አምቦ ውስጥ የሚቀድመኝ ካለ ይምጣ!» ብዬ የፎከርኩባት።

ዛሬ መጡልኝ። ስልሳ ዓመታቸው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኦቦ ቶሎሳ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር ሚኒባስ ገዝተው ከአምቦ ባኮ የሚመላለስ ሹፌር ይፈልጋሉ። መጨረሻ ላይ የቀረነው ሁለት ነን፤ እኔና ያልኳችሁ የስልሳ ዓመት ሰው፣ ጋሽ በቀለ። እኔ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ በሹፌርነት አልተቀጠርኩም። እናቴ ደግሞ ሳልቀጠር ለሰፈሩ ሁሉ አውርታለች!

ግቢያቸው ገብቼ ስልኬን አውጥቼ ሪከርዴን አሳየኋቸው።

«ስልኩ ራሱ ይዘገያል፣ ጉርባ፣ አንተ ልጅ» አሉኝ። «ደግሞ የለጠፍከው አንዴ የቀናህን ነው። የሁለታችሁንም የእጅ ፍጥነት በአንድ ማስመሪያ፣ አምስት አምስት ጊዜ እለካለሁ። የማወዳድረው አማካዩን ነው።»

ፈተናው ለማየት ቀላል ነው። እሳቸው ማስመሪያውን ከላይ ይይዛሉ። አንተ ከታች፣ ዜሮው ጋ፣ ሁለት ጣትህን ከፍተህ ትጠብቃለህ። ሳይነግሩህ ይለቁታል። የያዝክበት ቁጥር ባነሰ መጠን ፈጣን ነህ። ሃያ ላይ ከያዝከው ሁለት አስረኛ ሰከንድ ፈጅቶብሃል። ሠላሳውም ካመለጠህ ሩብ ሰከንድ ሄዷል። በሰማንያ ኪሎ ሜትር ፍጥነት ስትነዳ ደግሞ ሩብ ሰከንድ ማለት ከአምስት ሜትር በላይ ነው። መንገዱ ላይ ባለችው እጃጂ ከተማ መግቢያ ላም ዘው ብትልብህ አስቡት!

ጋሽ በቀለ ቀደሙ። ሃያ አንድ። ሃያ ሁለት። ሃያ። ሃያ ሁለት። ሃያ አንድ። ፊታቸው እንኳ አልተቀየረም!

ተራዬ ደረሰ። ጎረቤቱ በሩ ላይ ተሰብስቧል። ዓይኔን ማስመሪያው ላይ ተከልኩ። ዝም። አሁንም ዝም።

ለቀቁት!

እጄ ምን ቢሠራ ጥሩ ነው? ግራው ብድግ ብሎ የቀኙን ክርን ደገፈ! አንገቴም እጥፍ አለ። ልክ ከታላቅ ሰው እጅ ዕቃ ስቀበል እንደማደርገው! ማስመሪያው ሲሚንቶው ላይ ጧ አለ።

«ዋዩ!» ብላ አዘነችልኝ አንዷ ከበሩ።

ሁለተኛውም ያው። ጎንበስ፣ ከዚያ ጧ!

ቤት ከታናሽ እህቴ ጋር ስለማመድ አንዴም እንዲህ አልሆንኩም። ለታናሽ እህቱ የሚያጎነብስ ማን አለ? ጋሽ በቀለ ደግሞ ከኦቦ ቶሎሳ ጋር እኩያ ናቸው፤ ምን ያጎነብሳቸዋል?

በሦስተኛው ብልጥ ልሁን ብዬ ግራ እጄን ኪሴ ከተትኩ።

«ሽማግሌ ፊት እጅ ኪስ ውስጥ? ምን ዓይነት ልጅ ነው!» አሉ አንዲት እናት። ደንግጬ አወጣሁት፤ ያን ጊዜ ለቀቁት። ሃያ ስምንት ላይ እንደምንም ያዝኩ።

አራተኛው ሃያ ስድስት። ተሻሻልኩ! ላቤን ጠረግኩ።

አምስተኛው ላይ ብዙ አቆዩኝ። የኦቦ ቶሎሳ ጣት የተንቀሳቀሰ መሰለኝና ላፍ አድርጌ ያዝኩ። ዜሮ ላይ! የዓለም ሪከርድ!

አልለቀቁትም ነበር።

«ይሄ ፍጥነት አይደለም፤ ግምት ነው» አሉ ኦቦ ቶሎሳ። «ሽጉጡ ሳይተኮስ የተነሳ ሯጭ ፈጣን አይባልም።» ሰው ሁሉ ሳቀ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንባዬ መጥቶ ነበር።

ቁልፉን ለጋሽ በቀለ ሰጧቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ትከሻዬን ያዙኝ።

«ልጄ፣ ያሳደገችህ እናት ትባረክ። መኪናዬን ግን አልሰጥህም።»

ቤት ስደርስ እናቴ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። «እህ፣ ተቀጠርክ?» አለችኝ፣ ጥርሷ ሁሉ እየታየ።

እስካሁን አልመለስኩላትም። እስቲ እናንተ ንገሩኝ፣ «የጣለኝ አስተዳደግሽ ነው» ልበላት?