ፊታውራሪ ጌታነሽ በሁለት ጠመንጃ መካከል

ጠብ ሲያይ መንገዱን የሚቀይር ሰው ሞልቷል። ወደ ጠቡ የሚቀይር ግን በየከተማው አንድ አይጠፋም። የመሐል ሜዳዋ ወይዘሮ ጌታነሽ ናቸው። ገበያ ላይ ነጭ ሽንኩርት ይሸጣሉ። እኔ በልቤ ማዕረግ ሰጥቼ «ፊታውራሪ» እላቸዋለሁ፤ ሁልጊዜ ከፊት ናቸውና።

«ምን አገባዎት?» ያላቸው ሰው መልሱን አያጣም። «ባሌ አንድ ጊዜ አገባኝ፤ የእናንተ ጠብ ግን በየቀኑ ያገባኛል!»

አንድ ቀን በአውቶቡስ ወደ ደብረ ብርሃን ስንሄድ ሁለት ሰዎች «መስኮቱ ይከፈት»፣ «ይዘጋ» ተባብለው ሊተናነቁ ደረሱ። ፊታውራሪ ከኋላ ወንበር ተነሥተው መሀላቸው ተሸጎጡ። ጣርማ በር ሳንደርስ ሁለቱ ባላንጣዎች ተባብረው እሳቸውን ይቆጡ ጀመር፤ ስንወርድ ስልክ ተለዋወጡ። ፊታውራሪ ግንባር ላይ ያለው ጠባሳም ለሌላ ሰው የተሰነዘረ ዱላ ያሳረፈው ነው። «ባለቤቱ ጎንበስ ሲል እኔ ተቀበልሁለት» ይላሉ።

እኔም እንደ ሰዉ እስቅባቸው ነበር፤ እስከ አምና ሰኔ ድረስ።

የምሠራው መሬት አስተዳደር ነው። ከቀየት መንደር ወጣ ብሎ ኃይለ ኢየሱስና ባስልዮስ የሚባሉ የወንድማማች ልጆች በገብስ ማሳ ወሰን ተካስሰው ልለካ ሄድሁ። ሜትሩን ዘርግቼ ሳልጨርስ ስድብ ተጀመረ። በስድቡ መሀል የሞተ አባት ስም ተነሣ። ያኔ ኃይለ ኢየሱስ ክላሹን አቀባበለ፤ ባስልዮስም የራሱን። ለማየት የመጣው ሰው ሁሉ ተበተነ። የመንግሥት ተወካዩ እኔም ከድንጋይ ካቡ ጀርባ በሆዴ ተኝቼ የመዝገብ ቦርሳዬን አናቴ ላይ ደፋሁ።

በድንጋዮቹ ክፍተት ሳይ ወይዘሮ ጌታነሽ ይመጣሉ። ለካ ለቅሶ ሊደርሱ በዚያ ሲያልፉ ጩኸቱን ሰምተዋል። አልሮጡም፣ አልጮኹም። ዝም ብለው መጥተው በሁለቱ አፈሙዞች መካከል መሬት ላይ ተቀመጡ።

«እትዬ፣ ይነሡ!» አለ ኃይለ ኢየሱስ።

«ጉልበቴን አሞኛል፤ ትንሽ ልረፍ።»

«እዚህ ነው የሚያርፉት?»

«የማን መሬት እንደሆነ ገና አልታወቀም አሉ። እስኪታወቅ የእኔም ነው።»

ሰማዩ ጠቆረና በረዶ መውረድ ጀመረ። ነጠላቸውን አናታቸው ላይ ሳቡ እንጂ አልተነሡም።

«ኃይሌ» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ባስልዮስን ስትገድለው ማን ይሸከመዋል? ወንድም የለው። የቃሬዛው ፊት የሚያርፈው በአንተ ትከሻ አይደለም?»

 በረዶው ብቻ ይወርዳል። እሳቸው እዚያው እየራሱ፣ እየጠበቁ። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም።

በመጨረሻ ባስልዮስ ጠመንጃውን መሬት ላይ አስቀመጠ። የለበሰውን የበግ ጠጉር ባና አውልቆ ሊያለብሳቸው ሲቀርብ ነፋሱ አንዱን ጫፍ ነጠቀው። ኃይለ ኢየሱስ ክላሹን ጣለና ያንን ጫፍ ያዘ። ሁለቱ የወንድማማች ልጆች ባናውን እንደ ድንኳን ወጥረው ከአንዲት ሽንኩርት ሻጭ አናት ላይ ቆሙ። ያን ያህል ትልቅ ነገር በዕድሜዬ አላየሁም።

ወሰኑን በሳምንቱ ሽማግሌዎች ተከሉት። በዚያን ዕለት ግን ላነሣቸው እጄን ስዘረጋ ፊታውራሪ መቆም አቃታቸው። መላ ሰውነታቸው ይንቀጠቀጣል።

«ፈርተው ነበር?» አልኋቸው።

«አንተ ደግሞ! ሁለት ጠመንጃ ተደግኖበት የማይፈራ ሰው ጤነኛ ነው? ያን ሁሉ ጊዜ ‹ኪዳነ ምሕረት፣ አታሳፍሪኝ› እያልሁ ነው የቆየሁት።» ቀና ብለው አዩኝ። «አንተስ የት ነበርህ?»

«ካቡ ጋ።»

«ደግ አደረግህ» አሉኝ፤ «ልጅ አለህ።»

ጀግና የምለው ሰው ድሮ ሌላ ነበር፤ ከእነዚያ ጀግኖች ግን ፈሪነቴን እንዲህ በክብር የሸፈነልኝ አንድም አልነበረም።

ባለፈው ቅዳሜ እኔና ባለቤቴ ሰብሊ ስንጨቃጨቅ በሩ ተንኳኳ። «ቤቶች! ምንድን ነው የምሰማው?» ፊታውራሪ ነበሩ። ገብተው መሀላችን ተቀመጡ፤ እሷንም እኔንም ተቆጥተው፣ ምሳ በልተው፣ መርቀውን ሄዱ።

ለሰብሊ ያልነገርኋት አንድ ነገር አለ። ፊታውራሪ በመስኮቱ አጠገብ ሲያልፉ አይቼ ነው ድምፄን ከፍ ያደረግሁት።