ቲቸር አስቴር ካፖርቷን ከየት ገዛች?

ሰው ልብሴን ሲያደንቅልኝ ደስ አይለኝም። እደነግጣለሁ። «አቤት ሸሚዝ! ከየት ነው?» ሲሉኝ ወዲያው ወሬ እቀይራለሁ። ብዙውን ጊዜ የመብራት መጥፋትን አነሳለሁ። ሶዶ ውስጥ የመብራት ነገር ከተነሳ ሸሚዝህን የሚያስታውስ ሰው አይኖርም።

ይሄን ያስታወሰኝ መናኸሪያው አጠገብ ካፌ የከፈተ አንድ ወጣት ነው። ፌስቡክ ላይ ብዙ ሺህ ተከታይ ያለው ሰው አግኝቷል። ሰውዬው ማኪያቶ ይዞ ፎቶ ይነሳል፣ «ምርጥ ነው» ብሎ ይለጥፋል፣ ገንዘቡን ይቀበላል፣ ይሄዳል። «ልክፈለው ወይስ ይቅርብኝ?» ብሎ ሊያማክረኝ መጣ። እኔን መምረጡ አይገርምም። ብዙ ዓመት የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ነበርኩ። ሕዝቡን ከማን ጋር እንደማገናኝ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ደመወዙን ግን በልቻለሁ። እንግዲህ ለእሱ የነገርኩትን ላንተም ልንገርህ።

ጋሽ ሸምሱን ታውቀዋለህ? ገበያው ጀርባ ሳልቫጅ የሚሸጠው ስልጤ። ፈረንጅ ለብሶ የተወው ልብስ በቦንዳ ታስሮ ይመጣለታል። እሱ ይፈታል፣ ያሳጥባል፣ ይተኩሳል፣ ይሰቅላል። ዓይኑ ሜትር ነው። በር ላይ ስትቆም አንዴ ካየህ የትከሻህን ስፋት አውቋል። አፍ ግን አልፈጠረበትም። ሸቀጡን አያወድስም፣ ደንበኛ አይጠራም። በሩ ላይ ወፍራም መጋረጃ አለ፤ ገልጠህ ትገባለህ፣ ትለካለህ፣ በጋዜጣ ይጠቀልልልሃል፣ ከዚያ በጓሮ በኩል ባለችው ጠባብ በር ትወጣለህ። መንገድ ላይ ብታገኘው ደግሞ ሰላም አይልህም። ትናንት ሱሪ የሸጠልህ ሰው ዛሬ አንገቱን ደፍቶ ያልፍሃል! ኩራተኛ ነው ብዬ ደምድሜ ነበር።

እኔም ከእሱ ኮት ገዝቻለሁ። ሰማያዊ፣ ባለ ሁለት ቁልፍ። የእጮኛዬን አባት አቶ ባሳን ለመተዋወቅ ጉኑኖ ስሄድ የለበስኩት እሱን ነው። «ከየት ነው?» ሲሉኝ «ጀርመን ያለው አጎቴ ልኮልኝ ነው» አልኩ። ጀርመን አጎት የለኝም። ግን ኮቱ ውስጥ በጀርመንኛ የተጻፈ ነገር ነበር፤ ስለዚህ የዋሸሁት አጎቱን ብቻ ነው።

አንድ ዓመት ነሐሴ ላይ ጋሽ ሸምሱ ጨነቀው። ከተማው በቻይና አዲስ ልብስ ተጥለቅልቋል። እሱ ለመስቀል ብሎ ያለ የሌለውን ገንዘብ ቦንዳ ላይ አፍስሷል። ወላይታ ውስጥ መስቀል ምን እንደሆነ አልነግርህም፤ ዓመቱን ሙሉ ቁምጣ የለበሰ ሰው እንኳ የዚያን ቀን ይቀየራል። «ጋዜጠኛው» አለኝ። ጋዜጠኛ እንዳልሆንኩ ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ። «እስከ መስቀል ይሄ ካልተሸጠ እዘጋለሁ። ልጆቼን ይዤ ወራቤ ወንድሜ ጋ ነው የምገባው። በዚህ ዕድሜዬ የሰው በርበሬ ልመዝን።» ይሄን ሲለኝ የሕፃን ሹራብ እያጠፈ ነበር። ቀና እንኳ አላለም። አንጀቴን በላው። ልጆቹ እኮ ሶዶ የተወለዱ ናቸው፤ ወላይትኛ ከእኔ ይልቅ እነሱ ያውቃሉ።

ታዲያ እኔ በዚያው ሰሞን አዋሳ ሥልጠና ሄጄ መምጣቴ ነበር። በዚያ ዘመን ሥልጠና የማይሰጥበት ነገር አልነበረም። ስለ ሥልጠና አሰጣጥም ሥልጠና ወስደናል። የአሁኑ ስለ ገበያ ነበር። አሠልጣኙ ግድግዳው ላይ እያበራ፣ ሸቀጥህን ራስህ አታወድስ፣ ሕዝብ የሚያምነው ሰው ያወድስልህ፣ አለን። ሦስት ቀን ሙሉ ይችኑ አለን። እኔም ጻፍኩ። አበልም ነበረው።

ሕዝብ የሚያምነው ሰው ማን ነው? ሶዶ ውስጥ ይሄ ጥያቄ አይደለም። ቲቸር አስቴር ናታ! እንግሊዝኛ ታስተምራለች፣ እሁድ ከመዘምራን ጋር ትዘምራለች። እሁድ የለበሰችውን ሰኞ ሴቱ ሁሉ ይፈልገዋል። አንዴ አረንጓዴ ሻርፕ አደረገች፤ በሳምንቱ ጠበላ ከተማ ድረስ ገበያው ውስጥ አረንጓዴ ሻርፕ ጠፋ። ሴቶቹ «ከየት ነው?» ሲሏት ሁልጊዜ መልሷ አንድ ነው። «ጌታ አለበሰኝ» ትላለች። ከዚህ በላይ ምን ትጠይቃለህ?

ቤቷ ሄጄ ነገርኳት። ሳቀች። ለካ ከስንት ዓመት ጀምሮ የጋሽ ሸምሱ ደንበኛ ናት! ክፍያ ይኖረዋል ብላት ተቆጣች። «ወንድሜ፣ ልጁ ተማሪዬ ናት። ሰው ከጠየቀኝ እናገራለሁ፣ ምን ችግር አለው? እስከ ዛሬም አልዋሸሁም። ያለበሰኝ ጌታ ነው፤ የሸጠልኝ ሸምሱ ነው» አለች።

ለጋሽ ሸምሱ ስነግረው ግን ፊቱ ጠቆረ። «ተው ጋዜጠኛው፣ ይቅር። ሰው እኔ ጋ የሚመጣው እኮ...» ብሎ ጀመረ። አላስጨረስኩትም። ሥልጠና የወሰደ ሰው አያስጨርስም። መጋረጃው ይነሳ፣ ሱቁ ብርሃን ይግባው አልኩ። የጓሮዋ በር ቦታ ትይዛለች፣ የጫማ መደርደሪያ ይቁምባት አልኩ። ደንበኛህን መንገድ ላይ ሰላም በል፣ ፈገግ በል፣ አልኩ። ጨንቆታልና ሁሉንም እሺ አለ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው እኮ ለእኔ ነው፤ እሱስ ቸግሮት ነው።

ሰላምታውን በማግስቱ ጀመረ። ባንክ ቤት ሰልፉ እስከ ደረጃው ድረስ ወጥቷል። የአንድ ኃላፊ ባለቤት መሀል ላይ ቆመዋል። ጋሽ ሸምሱ ከሰልፉ ጫፍ እጁን አነሳ፣ በምክሬ መሠረት ፈገግ አለ፣ ድምፁንም ከፍ አደረገ። «እንዴት ዋሉ እትዬ! ያቺ ቀሚስ ወገቧ ልክ መጣ?» ሴትዮዋ ብር ሊያወጡ መጥተው ሳያወጡ ሄዱ። እኔ ይሄን ሲነግሩኝ ምን እንዳልኩ ታውቃለህ? «ጥሩ ጅማሮ ነው» አልኩ።

እሁድ ደረሰ። ቲቸር አስቴር የወይን ጠጅ ቀለም ያለው ካፖርት ለብሳ ቤተ ክርስቲያን መጣች። አቤት ሲያምርባት! ፕሮግራሙ አልቆ ሰው ወደ ግቢ ሲወጣ ሴቶቹ ከበቧት። እኔ በሩ ጋ ቆሜ እቆጥራለሁ፤ አርባ ይሆናሉ። «ቲቸር፣ ዛሬስ ማን አለበሰሽ?» አሏት እየሳቁ።

«ጌታ አለበሰኝ» አለች፤ «ከጋሽ ሸምሱ ሳልቫጅ ቤት።»

ግቢው ጸጥ አለ። እሷ ያልሰሟት መሰላት። ደግ ናት እኮ፣ ሰውየውን ልትረዳ ነው። ከጎኗ ወደ ቆመችው ወይዘሮ ማርታ ዞረችና «እህት ማርታ፣ ያንቺም ቡኒ ጃኬት ከዚያው አይደል? እዚያ ተገናኝተን ነበር እኮ!» አለቻት። ወይዘሮ ማርታ ያንን ጃኬት እህቷ ከጣሊያን እንደላከችላት የማያውቅ ሰው በሶዶ አልነበረም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሴቶቹ መጀመሪያ ማርታን አዩ፣ ቀጥሎ እርስ በርስ ተያዩ፣ በመጨረሻ እያንዳንዷ ጎንበስ ብላ የራሷን ልብስ አየች። ከዚያ ሁሉም በየአቅጣጫው ሥራ ያዘው።

ሰኞ ጠዋት ሱቁ ጢም ብሎ ሞላ። መቆሚያ የለም። እጄን አፋተግሁ። «አየህ ጋሽ ሸምሱ!» አልኩት። ለካ የመጡት ሊገዙ አይደለም። «የእገሌ ሱፍ ከዚህ ነው?» ይላሉ። «በስንት ገዛው?» ይላሉ። አንዱማ የሠርግ ፎቶ ይዞ መጣ። ሙሽራውን በጣቱ እየነካ «ይሄ ሙሉ ልብስ ያንተ ነው አይደል? እውነቱን ንገረኝ» ይለዋል። ጋሽ ሸምሱ «አላውቀውም»፣ «አላየሁትም»፣ «ወላሂ ረሳሁት» ሲል ዋለ። በዚያ ሳምንት ሰው እንደ ጎርፍ ገባ፤ የተሸጠው ግን አንድ ቀበቶ ነው። የድሮዎቹ ደንበኞች በሱቁ ማዶ በኩል ፊታቸውን አዙረው ያልፋሉ። እኔስ? እኔ አማካሪው፣ ኮቴን ሳጥን ውስጥ ቆልፌ በሌላ ሰፈር ዞሬ መሥሪያ ቤት መሄድ ጀመርኩ።

ቲቸር አስቴር ቢሮዬ ድረስ መጣች። አልተቀመጠችም። ልምምድ ላይ ሴቶቹ ከአጠገቧ ተነስተው ቦታ ቀይረዋል። «ወንድሜ፣ የተናገርኩት እውነት ነው። ታዲያ ለምንድነው እንደ ሌባ ያዩኝ?» አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ነኝ፤ ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ወረቀት አደራረብኩ። አፈርኩ።

ጋሽ ሸምሱም አልጮኸብኝም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። «ጋዜጠኛው፣ እኔ ልብስ የምሸጥ መሰለህ? ልብስማ ሁሉም ይሸጣል። እኔ ዝም ማለት ነው የምሸጠው። መንገድ ላይ ሰላም የማልልህ ጠልቼህ ነው? ያንን ኮትህን ብዬ እኮ ነው» አለኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ለካ ያን ቀን ሳላስጨርሰው የቀረው ይሄ ነበር።

መስቀል ሁለት ሳምንት ሲቀረው አቶ ባሳ ከጉኑኖ አስጠሩኝ። ጉዳዩ ገባኝ። ወሬው እዚያም ደርሷል፤ ልጄን ለሳልቫጅ አልድርም ሊሉኝ ነው አልኩ። ኮቱን ትቼ በሹራብ ሄድኩ። አቶ ባሳ ሰው ሁሉ ከቤት እስኪወጣ ጠበቁ። ከዚያ ወንበራቸውን ሳብ አድርገው ወደ ጆሮዬ ተጠጉ። «ኢሻ» አሉኝ፤ በወላይትኛ ወንድሜ ማለት ነው፤ አማች ሊሆን የመጣ ሰው ወንድሜ ሲባል ደግ ነው ክፉ ነው ብዬ ተጠራጠርኩ። «እውነቱን ንገረኝ። ያቺ ኮት የጀርመን ናት የሸምሱ?»

«የሸምሱ» አልኩ።

«ሎኦ» አሉ። ጥሩ ማለታቸው ነው። «ለእኔ የምትሆን ትልቅ አለችው?»

መልስ ሳልሰጥ በሩን ዞር ብለው አዩና ድምፃቸውን ይበልጥ ዝቅ አደረጉ። «እኔ ሳልቫጁን አልጠላሁም። አሮጌ ነው፣ ግን ጨርቁ ሰው ነው። እንዲያው ሰው የማያይ መግቢያ የለውም ወይ?»

ሦስት ቀን አዋሳ ተቀምጬ ያልገባኝ ነገር ጉኑኖ ላይ በአንድ ጥያቄ ገባኝ። በዚያው መኪና ተመልሼ ለጋሽ ሸምሱ ነገርኩት። የጫማ መደርደሪያውን በአንድ ወገን ያዘ፣ እኔ በሌላው ያዝኩ፣ ከጓሮዋ በር ላይ አነሳነው። በዋናው በር ላይ ትልቅ ቁልፍ ተንጠለጠለ። እኔ በእጄ ጻፍኩ፦ «ሱቁ ተዘግቷል»።

ከዚያ የመጨረሻ የማስታወቂያ ሥራዬን ሠራሁ። መሥሪያ ቤት፣ ባንክ ቤት፣ ጸጉር ቤት እየዞርኩ በሐዘን ፊት «ጋሽ ሸምሱ ዘጋ» አልኩ። ሰው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ። «ሚስኪን!» አለ። ቲቸር አስቴርን ሲጠይቋት እሷም «አዎ፣ ዘግቷል» አለች። በሩ ዝግ ነው፤ አልዋሸችም። በጓሮ እንደሚሸጥ የተነገረው ለአቶ ባሳ ብቻ ነበር። አቶ ባሳ ለአንድ ዘመዳቸው ነገሩት፤ «ለማንም እንዳትናገር» ብለው አስምለው። ይህን ዓይነት ማስታወቂያ በየትኛውም ሥልጠና አላስተማሩኝም። «ለማንም እንዳትናገር» የተባለ ነገር በሁለት ቀን እስከ ቢጠና ከተማ ደረሰ።

ሰው አንድ አንድ እያለ በጓሮ መጣ። ዘንቢል የያዘ አለ፣ ጃንጥላ ፊቱ ላይ የጣለ አለ፣ ዝናብ ግን አልነበረም። ወይዘሮ ማርታ ልትገባ ስትል ቲቸር አስቴር እየወጣች ነበር። ጠባቧ በር ላይ ፊት ለፊት ተያዩ። ምን ተባባሉ መሰለህ? ምንም። ማርታ ሳቋ አመለጣት፣ አስቴርም ሳቀች፣ ተቃቀፉ። በቀጣዩ እሁድ ጎን ለጎን ቆመው ሲዘምሩ አየሁ።

ለመስቀል ዋዜማ ከቦንዳው አንድ ካልሲ አልተረፈም። በበዓሉ ቀን ከተማው አምሮ ወጣ። አቶ ባሳ ግራጫ ኮት ለብሰው አደባባይ ላይ ሲንጎራደዱ የሚያክላቸው አልነበረም። የሚገርመው ያን ዓመት ማንም ማንንም «ከየት ነው?» ብሎ አልጠየቀም።

ጋሽ ሸምሱ ወራቤ አልገባም። ሱቁ ከተዘጋ ይኸው ስምንት ዓመት ሆነው። ባለፈው ሰሞን ልጁን ሳገኛት ሥራ እንዴት ነው ብዬ ጠየቅኳት። ይመስገን ደህና ነው አለችኝ፤ ቦዲቲ ላይም ሁለተኛ ሱቅ ሊዘጋ ቦታ እየፈለገ ነው።